የሕፃናት ወንበርና የመሰብሰቢያው ማስታወቂያ፤ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አንጻር የቀረበ ሂስ

ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ነገር ለአንዳንድ አንባቢ እጅግ ትንሽ መስሎ ሊታየው ይችላል። ስለ መሬት ሥሪት፥ ስለ ቡና ንግድና ስለ ሕዝብ ልማድ በሚጻፍበት መጽሔት ውስጥ ስለ ሕፃን ወንበር መጻፍ ምን ይጠቅማል? የሚል ጥያቄ ከጓደኞቻችንም ከመምህራኖቻችንም ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። ነገር ግን የአንድ ሥርዓት ደኅንነት የሚመረመረው በትልልቁ ነገር ብቻ አይደለም። መናገር የማይችል፥ ደረሰኝ የማያነብ፥ ከወደቀበት ተነሥቶ አቤት የማይል አንድ ሕፃን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ምን ያህል ይጠበቃል? ብሎ መጠየቅም አንዱ የምርመራ መንገድ ነው።

የምናቀርበው ሂስ በወንበሩ ላይ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ወንበሩ ከተሸጠ በኋላ አደገኛ ጉድለት ሲገኝበት ሠሪው «አትጠቀሙበት፥ መልሱልኝ ወይም ላድስላችሁ» እያለ የሚያወጣውን ማስታወቂያ እንመረምራለን። በመጀመሪያ ወንበሩ ምን እንደሆነና ምን አደጋ እንደሚያመጣ እንገልጻለን። ቀጥሎ ማስታወቂያውን እንደ አንድ ጽሑፍ አንብበን እንተቸዋለን። ከዚያም የአገራችንን ሕግ አይተን፥ በመጨረሻ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ወደ ውጭ የሚወጣውን ቡና ከውጭ ወደዚያው ከሚገባው ዕቃ ጋር እናነጻጽራለን። የውጭ አገሩን ዘመን በምንጠቅስበት ጊዜ እ.ኤ.አ. እያልን እንለየዋለን።

፩. ወንበሩና አደጋው

ባለ ረጅም እግር የሕፃን ወንበር ማለት ዕድሜው 6 ወር ገደማ ሆኖት መቀመጥ የጀመረ ሕፃን ከትልልቆቹ ገበታ ትክክል ከፍ ብሎ የሚመገብበት መቀመጫ ነው። ብዙውን ጊዜ አራት ረጃጅም እግሮች፥ በስተፊቱ ትንሽ ገበታ፥ በወገቡና በእግሮቹ መካከል የሚታሰር ቀበቶ አለው። በአገራችን ይህ ዕቃ ሥር የሰደደ አይደለም። የእኛ ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ ይውላል፤ ሲመገብ ከእናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ መዳኽ ሲጀምር ምንጣፍ ወይም ቁርበት ይነጠፍለታል። እናቲቱም ራሷ የምትቀመጠው ከመሬት ብዙ በማይርቅ በርጩማ ላይ ስለሆነ፥ ሕፃኑ ከጭኗ ቢንሸራተት እንኳ የሚወድቅበት ከፍታ ትንሽ ነው።

ይህ በርጩማ ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። በጅማና ከጅማ ወዲያ ባለው አገር የታወቀው በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ በሦስት እግር የሚቆም ነው። ሦስት እግር ያለው ዕቃ ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ቢቀመጥም ሦስቱም እግሮች መሬት ይነካሉ፤ ዕቃው አይንገዳገድም። አራት እግር ያለው ግን ወለሉ ልሙጥ ካልሆነ አንደኛው እግር በአየር ላይ ይቀራል። የውጭ አገር ፋብሪካ ወንበሩ እንዳይገለበጥ የሚፈትነው ደልዳላ በሆነ ወለል ላይ ነው። በጭቃ ተለቅልቆ በእግር ብዛት በተጎደጎደ ወለል ላይ ያው ወንበር ሌላ ወንበር ይሆናል። እንግዲህ ፈተናውን ያለፈ ዕቃ እንኳ ቴፒ ሲደርስ ፈተናው እንደገና ይጀምራል ማለት ነው።

ይህን ስንል ወንበሩን እንደ ከንቱ የሥልጣኔ ጌጥ ቈጥረን ልናጥላላው አይደለም። በቡናው አገር ቤት ውስጥ ቡናው ወይም የቡናው ቅጠል በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ይፈላል። ፍሙ፥ ጀበናውና የፈላው ውኃ ሁሉ ያለው በመሬት ላይ ነው፤ ይኸውም የሚድኽ ሕፃን እጅ በሚደርስበት ሥፍራ ነው። ሕፃኑን ከእሳት ከፍ አድርጎ የሚያቈይ ዕቃ እውነተኛ ጥቅም አለው። ስለዚህ ጥያቄያችን ወንበሩ ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ሳይሆን፥ ከእሳት ያራቀውን ሕፃን ራሱ እንዳይጥለው ማን ይጠብቃል? የሚል ነው።

ሕፃን ከእንዲህ ያለ ወንበር የሚጎዳባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ቀበቶው ካልታሰረ ወይም በራሱ ከተፈታ ሕፃኑ ቆሞ ይወድቃል። ጠረጴዛውን በእግሩ ሲገፋ ወንበሩ ወደኋላ ይገለበጣል። በእግሮቹ መካከል የሚያግደው ነገር ከሌለ ሰውነቱ ከገበታው ሥር ሾልኮ አንገቱ ሊያዝ ይችላል። የሚታጠፍ ወንበር ሲሆን ደግሞ ማጠፊያው ጣት ይቈርጣል። በአሜሪካ ከ2003 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን የመረመረ ጥናት በዚያ አገር በየዓመቱ በአማካይ ከ9,400 በላይ ሕፃናት ከእነዚህ ወንበሮች በደረሰባቸው ጉዳት በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል እንደታከሙ አሳይቷል። ከአደጋዎቹም 93 በመቶ የሚሆነው መውደቅ ነበር። በሕፃን ዕድሜ ጭንቅላት ከአካሉ መጠን አንጻር ስለሚከብድ፥ ሕፃን ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ጭንቅላቱ ነው።

፪. ማስታወቂያው እንደ ጽሑፍ ሲነበብ

ጉድለቱ ከተሸጠ በኋላ የታወቀን ዕቃ መልሶ መሰብሰብ በሰለጠኑት አገሮች የተለመደ ሥራ ነው። በአሜሪካ ይህን የሚከታተለው በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተቋቋመው የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ነው። ለትችታችን መሠረት እንዲሆኑ ሦስት ማስታወቂያዎች መርጠናል።

የመጀመሪያው በመጋቢት ወር 2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የግራኮ ኩባንያ ማስታወቂያ ነው። «ሃርሞኒ» የተባለው ወንበር የፊት እግሮቹን የሚይዙት ብሎኖች እየላሉ ይወልቃሉ፤ በኋላ እግሮቹ ላይ ያለው የፕላስቲክ መያዣም ይሰነጠቃል። ኩባንያው 464 አቤቱታዎች ደርሰውት ነበር፤ 24 ሕፃናት ተጎድተዋል። እንዲታደሱ የተጠሩት ወንበሮች ቍጥር 1.2 ሚሊዮን ያህል ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት በመስከረም መጨረሻ የወጣው የፊሸር ፕራይስ ማስታወቂያ ነው። በኋላ እግሮቹ ላይ ገበታው እንዲንጠለጠልበት የተተከለው ጉጥ አጠገቡ የሚጫወቱትን ሕፃናት ይወጋ ነበር። 14 አደጋዎች ተመዝግበው ከእነዚህ 7ቱ መሰፋት ያስፈለጋቸው ነበሩ፤ በአሜሪካ ብቻ 950,000 ያህል ወንበሮች ተጠሩ። ሦስተኛው በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢኬያ ማስታወቂያ ሲሆን፥ ምክንያቱ ሳይታሰብ የሚፈታ የቀበቶ መቈለፊያ ነበር። በአሜሪካ ውስጥ 169,000 ያህል ወንበሮች ሲጠሩ፥ ኩባንያው አዲስ ቀበቶ በነጻ ለመስጠት ተገደደ።

እነዚህን ጽሑፎች ስናነብ በመጀመሪያ ምስጋና የሚገባውን እናመሰግናለን። ቋንቋቸው አጭርና ግልጽ ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ፥ ስንት እንደተሸጠ፥ አደጋው ምን እንደሆነ፥ ስንት ሰው እንደተጎዳ፥ ሸማቹ ምን ማድረግ እንዳለበት በተራ በተራ ይነግራሉ። ነጋዴ ስለራሱ ዕቃ ጉድለት በአደባባይ ቍጥር እየጠቀሰ ሲናገር ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። በገበያችን ነጋዴ ዕቃውን ያመሰግናል፤ ነቀፌታውን ለገዢው ይተወዋል። ከዚህ አንጻር ማስታወቂያው ትልቅ የሥነ ምግባር እርምጃ መሆኑን መካድ አይገባም።

ጉድለቱ የሚታየው ግን ጽሑፉ «አንተ» ብሎ የሚጠራው ሰው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ነው። ማስታወቂያው የሚያስበው አንባቢ ወንበሩን ከመደብር አዲስ የገዛ፥ የዕቃውን የሞዴል ቍጥር ፈልጎ የሚያገኝ፥ በነጻ ስልክ የሚደውል፥ መለዋወጫው በፖስታ ከደጁ የሚደርስለት ሰው ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ጽሑፉ ዝም ይላል። አራቱም የጎደሉባት እናት ግን በሚዛን ገበያ ወንበር ስትገዛ ጽሑፉ ከነመኖሩ እንኳ አታውቅም። ስለዚህ የጽሑፉ ግልጽነት ለታሰበው አንባቢ ብቻ የሆነ ግልጽነት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የዘመን ጉድለት ነው። የግራኮ ወንበር ከ2003 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ተሸጦ ማስታወቂያው የወጣው በ2010 ነው። አንድ ሕፃን በወንበሩ የሚገለገለው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። እንግዲህ መጀመሪያ የተገዙት ወንበሮች ጥሪው ሲወጣ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ሕፃን ተላልፈዋል። ወንበሩ ከሕፃኑ የልጅነት ዘመን ይልቅ ይረዝማል፤ ከእጅ ወደ እጅም ይሄዳል። ከእጅ ወደ እጅ በሄደ ቍጥር ከደረሰኙ፥ ከካርቶኑና ከመመሪያው ይለያል። ውቅያኖስ ተሻግሮ በዘመድ ሻንጣ ወይም በአሮጌ ዕቃ ንግድ ወደ አገራችን ሲገባ ደግሞ ስሙም ጭምር ይጠፋዋል።

፫. በራሱ አገር የተፈተነበት

ይህ ድክመት የእኛ የድኻ አገር ድክመት ብቻ ነው እንዳይባል፥ በዚያው በአሜሪካ የሆነውን እንጥቀስ። በግንቦት ወር 1998 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ከተማ በአንዲት የሕፃናት መዋያ ቤት ውስጥ አንድ የ16 ወር ሕፃን የሚታጠፍ አልጋ አንገቱ ላይ ተዘግቶበት ሞተ። የአልጋው ዓይነት ከ5 ዓመት በፊት፥ በ1993፥ መልሶ እንዲሰበሰብ ጥሪ ወጥቶበት ነበር። ጥሪው ግን ሕፃኑን የምትጠብቀው ሴት ጆሮ አልደረሰም፤ ለወላጆቹም ማንም አልነገራቸውም። አልጋው በሕግ ተጠርቶ ነበር፤ በእውነት ግን ከቤቱ አልወጣም ነበር።

ወላጆቹ ከሐዘናቸው በኋላ ይህን የመሰለ አደጋ በሌላ ቤት እንዳይደገም ማኅበር አቋቋሙ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የዕቃዎች ደኅንነት ማሻሻያ ሕግም አንዱን ክፍል በሕፃኑ ስም ሰየመው። ይህ ክፍል የሕፃናት አልጋና የሕፃናት ወንበር የመሰሉት ጽኑ ዕቃዎች ሲሸጡ አብሮ የመመዝገቢያ ካርድ እንዲሰጥ፥ የሠሪው ስምና አድራሻ፥ የሞዴሉ ቍጥርና የተሠራበት ጊዜም በዕቃው አካል ላይ እንዲጻፍ ያዛል። ከዚያም ለሕፃናት ወንበር ብቻ የተዘጋጀ አስገዳጅ ደረጃ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከ2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በአውሮፓም ለዚሁ ወንበር ኢ.ኤን. 14988 የተባለ ደረጃ አለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ኮሚሽኑ በ2017 እ.ኤ.አ. ባደረገው ስብሰባ ከሸማች እጅ ያለውን ዕቃ በመመለስ ወይም በማሳደስ ረገድ የሚገኘው ውጤት በአማካይ 6 በመቶ ያህል መሆኑን ገልጿል። ይህ ቍጥር ለእኛ ብዙ ይናገራል። ፖስታ፥ ስልክ፥ የባንክ ካርድና የመደብር መዝገብ በሞላበት አገር ከ100 ዕቃ 94ቱ በየቤቱ ከቀሩ፥ ማስታወቂያ ማውጣት ብቻውን አደጋን ማስወገድ አለመሆኑ ግልጽ ነው። እንግዲህ መልሶ መሰብሰብ ማለት ወረቀት መጻፍ ሳይሆን ዕቃው የሄደበትን መንገድ ወደኋላ ተመልሶ መሄድ ነው። መንገዱ ካልታወቀ መመለሻም የለም።

፬. የአገራችን ሕግ

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ጨርሶ ዝም ያለ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2085 ላይ ለትርፍ ብሎ ዕቃ እየሠራ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፥ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ገዢውንና ሠሪውን የሚያገናኝ ውል መኖሩን አይጠይቅም፤ በዘመኑም በብዙ አገሮች ገና ያልተደረሰበት አሳብ ነበር። ሆኖም በዚያው ቍጥር ሥር በልማድ በሚደረግ ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ ጉድለት ሲሆን ኃላፊነት እንደማይኖር ይናገራል። ታዲያ የላላ ብሎን በልማድ በሚደረግ ምርመራ ይታወቃልን? ወንበሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታይ እናት ልማዱን ከየት ታመጣለች? ይህ ጥያቄ ገና መልስ ይፈልጋል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ ከዚህ ሰፋ ብሎ ሄዷል። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፥ ለደረሰበትም ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ኃላፊነቱንም በሠሪው ላይ ብቻ ሳያቆም እስከ አስመጪውና እስከ ቸርቻሪው ድረስ ዘርግቶታል። ይህ ተገቢ ነው፤ ሠሪው ባሕር ማዶ ባለበት ነገር ገዢዋ ልትይዘው የምትችለው ሰው በቅርብ መገኘት አለበትና። አዋጁን የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን በአዋጅ ቍጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ።

ትችታችን ግን እነዚህ ሕጎች ሁለቱም የሚነቁት ጉዳት ከደረሰ በኋላ ለሚነሣው ክርክር መሆኑ ላይ ነው። ካሣ የወደቀን ሕፃን አያነሣም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ይኸውም ጉድለቱ አንድ ቤት ሲታወቅ ወሬው ሌላው ቤት አደጋው ሳይደርስ እንዲደርስ ነው። ሕጉ መብቱን ሰጥቷል፤ የወሬውን መንገድ ግን አላሠራም። ባለመብቷም ዕቃውን ያስመጣው ማን እንደሆነ ካላወቀች፥ በተዘረጋው ኃላፊነት ውስጥ ልትይዘው የምትችለው የመጨረሻውን ቸርቻሪ ብቻ ነው፤ እርሱም በገበያው ቀን መጥቶ በማግሥቱ የሚሄድ ሊሆን ይችላል።

፭. የሚወጣው ቡናና የሚገባው ዕቃ

ወደ አገሩ እንመለስ። ከአማን ከተማ ጋር ተዋሕዳ ዛሬ ሚዛን አማን የምትባለው ሚዛን ተፈሪ የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቴፒም በሸካ ዞን ውስጥ ትገኛለች። ሁለቱም ዞኖች በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። ሚዛን ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የአገሩ ሀብት ቡና ነው። ቴፒና በበቃ የሚሉት ስሞች በውጭ አገር ገዢዎች ዘንድ የከተማና የእርሻ ስም ከመሆናቸው ይልቅ የቡና ዓይነት ስም ሆነው ይታወቃሉ።

ይህ ቡና ሲወጣ እንዴት እንደሚመረመር እንይ። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኘሁ ባለች ጊዜ ንግዱ ወዲያውኑ ተናጋ። ጉዳዩ ከወደብ ወደኋላ እየተፈተሸ ሄደ፤ በጊዜው ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱም ቡናው የተያዘበት ጆንያ ነበር። ጆንያ እንኳ ተጠርጥሮ ተጠየቀ ማለት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጥበቃ ደንብ ደግሞ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና የበቀለበት መሬት በካርታ ላይ ነጥቡ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢተላለፍም፥ በቡናው አገር የገበሬዎችን ማሳ እየዞሩ መመዝገቡ ተጀምሯል።

እንግዲህ ነገሩን በአንድነት ስናየው እንዲህ ነው። በሸካ ጫካ ጥግ ግማሽ ሄክታር ያላት ባለቡና ሴት፥ የምትሸጠው ቡና ሃምቡርግ ደርሶ ጉድለት ቢገኝበት እስከ ማሳዋ ድረስ ተመልሶ እንዲጠየቅ ሥርዓት እየተዘጋጀ ነው። በዚያው ቡና ዋጋ ለልጇ የገዛችው ወንበር ግን ጉድለት ቢገኝበት እስከ እርሷ ቤት ድረስ የሚመጣበት ምንም መንገድ የለም። ከእርሷ የሚወጣው ስምና አድራሻ ተጽፎበት ይወጣል፤ ወደ እርሷ የሚገባው ስም የለሽ ሆኖ ይገባል። የሩቁ ጠጪ ከቡናዋ የተጠበቀውን ያህል የእርሷ ሕፃን ከሩቁ ወንበር አልተጠበቀም። ዋናው አሳባችን ይህ ነው። ጉድለቱ የርቀት ጉድለት ቢሆን ኖሮ ቡናውም ሊጠየቅ ባልቻለ ነበር፤ መንገዱ አንድ ነውና። ስለዚህ የጎደለው መንገዱ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ወሬን ወደዚህ የሚያስኬድ ፈቃድ ነው።

፮. ተቃውሞና መልስ

ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡብን ይችላሉ። የመጀመሪያው «ወንበሩ ያለው በጥቂት ቤትና በአንዳንድ ሆቴል ነው፤ ሕፃናት በወባና በተቅማጥ በሚታመሙበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። የበሽታውን ክብደት አንክድም። ነገር ግን ጉድለቱ የታወቀን ወንበር የሚመልሰው መንገድ የሞተር ብስክሌት ፍሬንን፥ የኤሌክትሪክ ምድጃንና የዱቄት ወተትንም የሚመልስ ያው መንገድ ነው። ወንበሩን የመረጥነው ነገሩ ጎልቶ ስለሚታይበት ነው። መንገዱን ዕቃው በበዛ ጊዜ እንሠራዋለን ማለትም፥ ጎርፉ ሲመጣ ቦዩን እንቈፍራለን እንደማለት ነው።

ሁለተኛው «ወንበሩን የአገራችን አናጢ ይሥራው» የሚል ነው። ይህ መልካም አሳብ ነው። የሚዛን አናጢ ከዋንዛ እንጨት የሠራው ወንበር እግሩ ቢላላ እናቲቱ የአናጢውን ደጅ ታውቃለች፤ ጐረቤትም ይሰማል። ያለ ወረቀት የሚሠራ መልሶ መሰብሰብ ይህ ነው። ግን አናጢው የውጭውን ወንበር መልክ ብቻ አይቶ ቢሠራ፥ በእግሮች መካከል የሚያግደውን እንጨትና ቀበቶውን ትቶ፥ የእግሮቹንም ስፋት አጥብቦ፥ ያንኑ አደጋ በጽኑ እንጨት ሊደግመው ይችላል። ስለዚህ እርሱም የውጭው ወንበር ለምን እንደተጠራ ወሬው ሊደርሰው ይገባል።

ሦስተኛው «ወሬውን ማን ተርጉሞ፥ በምን ገንዘብ፥ እስከ ገጠር ያደርሰዋል?» የሚል ነው። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አዲስ መሥሪያ ቤት ይከፈት የሚል አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የጤና ኬላና ሠራተኞች አሉ። እናት ልጇን በ9ኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ይዛ ትመጣለች፤ ይህም ሕፃኑ በወንበር መቀመጥ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። በዚያ ቀን በኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል፥ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የሚነገር አንድ ቃል ብዙ ወጪ የለውም። በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የተባለው የአገሮች ማኅበር በየአገሩ የሚወጡትን ጥሪዎች በአንድነት የሚያሳይ መዝገብ ከፍቷል። ይህን መዝገብ በየወሩ አንብቦ ለአገራችን የሚያስፈልገውን መርጦ ለሬዲዮ መስጠት ለሚኒስቴሩ የአንድ ሰው ሥራ ነው።

ከዚህ ጋር አስመጪው ሊያደርገው የሚገባ አንድ ግዴታ እንጨምራለን። ዕቃው ያለበትን የምርት ቍጥር በደረሰኙ ላይ እየጻፈ ለጅምላ ነጋዴው ያስተላልፍ፤ ጅምላ ነጋዴውም ለቸርቻሪው። ቍጥሩም በሚላጥ ወረቀት ላይ ሳይሆን በዕቃው አካል ላይ የታተመ ይሁን። ይህ የማይቻል ነው እንዳይባል፥ በዚያው በጤና ኬላ ያለውን የክትባት ብልቃጥ መመልከት ይበቃል። ብልቃጡ የምርት ቍጥር አለው፤ ከላዩም ሙቀት ሲያገኘው ቀለሙ የሚለወጥ ምልክት ተለጥፎበታል። ጉድለቱን ራሱ ይናገራል፤ ሠራተኛዋም አይታ ትጥለዋለች። እንግዲህ ስም፥ ቍጥርና ምልክት ይዞ እስከ ገጠር ቀበሌ የሚደርስ ዕቃ አለ ማለት ነው። ለክንዱ የተደረገው ጥንቃቄ ለመቀመጫው የማይደረግበት ምክንያት አይታየንም።

ለማጠቃለል፥ መልሶ የመሰብሰቢያ ማስታወቂያ በመልካም አሳብ የተጻፈ፥ በቋንቋውም የጠራ ጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን አንባቢውን አስቀድሞ መርጦ የሚጻፍ ጽሑፍ ነው። የአገራችንም ሕግ መብትን አውጆ የወሬውን ጉዞ ለዕድል ትቶታል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ስፋቱም አንድ ሕፃን የሚወድቅበት ያህል ነው። ይህን ክፍተት ለመዝጋት የሚያስፈልገው ዕውቀት በቡና መጋዘኖቻችንና በጤና ኬላዎቻችን ውስጥ አስቀድሞ አለ። የሕግ፥ የንግድና የጤና ትምህርት የምንማር ጓደኞቻችን ይህን ጥያቄ በየክፍላቸው አንሥተው እንዲመረምሩት፥ መምህራኖቻችንም የተሳሳትንበት ቦታ ቢኖር እንዲያርሙን በአክብሮት እንጠይቃለን።